የቅጥሩ ታናሽ

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ በነበረው የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ ፀሐይነሽን የማይወድ ሰው አልነበረም፤ የሚያውቃት ሰውም አልነበረም። ይህ የሚያስገርመው ያንን ዘመን ላልኖረበት ነው። ጊዜው የሰው ታሪክ የሚያስፈራበት ጊዜ ነበር። ከየት መጣህ፣ አባትህ ማን ነበር፣ ወንድምህ የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ወይ የቀበሌ ሰው ነው፣ ወይ ሞኝ ነው። ስለዚህ ሰው ከጎኑ የተቀመጠውን ሰው በሥራው ይወደዋል፣ የቀረውን ለእግዜር ይተወዋል።

ተናኜም እንዲሁ ነበረች። ተናኜ ካሳዬ የመንዝ ሰዎች ልጅ ናት፤ ቦሌ ሚካኤል ተወልዳ ያደገች፣ አፏ የማያርፍ፣ ሳቋ ከስፌት መኪናው ጩኸት በላይ የሚሰማ። አምስት ዓመት ከፀሐይነሽ ጎን ተቀምጣ ካኪ ሰፍታለች፤ እጅጌውን አንዷ፣ ኮሌታውን ሌላዋ። ምሳ አብረው በልተዋል፣ ለስኳር አብረው ተሰልፈዋል፣ ለቅሶ አብረው ደርሰዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ «የት አደግሽ?» ብላት አታውቅም። «ዝም አይነቅዝም» ትላለች። የሰው ገመና አለመጎርጎር ለሷ የወዳጅነት ሁሉ ቁንጮ ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ትኮራበት ነበር።

የምታውቀው አንዲት ነገር ብቻ ነው። ሴቶቹ ምሳ እየበሉ ስለ ልጅነታቸው ሲጫወቱ ፀሐይነሽ ቀና ሳትል፣ «እኔ ቅጥሩ ውስጥ ነው የኖርኩት። የቅጥሩ ታናሽ ነበርኩ» ብላ ነበር። ተናኜ ቶሎ ወሬ ለወጠች።

ቅጥሩን ሰው በወሬ ያውቀዋል። ከአራብሳ አልፎ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ በቁልቋል የታጠረ ሰፈር ነበር። አባ ዘርአጽዮን የሚባሉ፣ ከየትኛው ደብር እንደ ተባረሩ በውል የማይታወቅ ደብተራ «ዓለም ረክሳለች» ብለው በንጉሡ ጊዜ ተከታዮቻቸውን ይዘው የገቡበት ነው። ዓለምን ትተው ገቡ ይባላል እንጂ ሚስት መተው ላይ አልደረሱም። እሳቸው ብቻ ስድስት ሰባት ሚስት፣ የቀሩት ወንዶችም እንዳቅማቸው ሁለት ሦስት። ሲጠየቁ «ሰሎሞንስ?» ይሉ ነበር አሉ። ቤተ ክርስቲያን አወገዘቻቸው፤ እነሱም በራቸውን ዘጉ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ፀሐይነሽ «ታናሽ» ስትል ተናኜ የመጨረሻ ልጅ ማለቷ መሰላት። ማንስ ቢሆን ሌላ ምን ይመስለዋል?

ጠባይዋ ግን ለየት ይል ነበር። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትመጣና የተዘጋውን የማኅበሩን ቢሮ ደጃፍ ትጠርጋለች፤ ማንም አላዘዛትም። ምግብ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ካልጎረሰ እጇን አትዘረጋም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የተራ ነገር ነው። ቀበሌ ሱቅ ተሰልፋ «ተራሽ ደርሷል» ሲሏት ፊቷ ይለዋወጥና «እርስዎ ይቅደሙ» ብላ ወደ ኋላ ትመለሳለች። እንዲህ እያለች ስንት ቀን ባዶ እጇን ገብታለች። ሰፈሩ ትሕትና ነው ይላል። ተናኜ ግን «ትሕትና አይደለም፣ ጅልነት ነው» ትልና ካርዷን ነጥቃ ትገዛላታለች።

እንዲህ ላለችው ሴት ነው እንግዲህ በ1973 መስከረም ላይ ብዙአየሁ ሆርዶፋ የመጣላት። ብዙአየሁ አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ነው የሚሠራው፤ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ አጭር። የሥራ ቱታው እየተቀደደ ይመጣል፣ ፀሐይነሽ ትጥፍለታለች። መልሶ ይቀደዳል። በወር ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ ይዞት ሲመጣ ተናኜ፣ «አንተ፣ በጥርስህ ነው እንዴ የምትቀደው?» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ፤ ፀሐይነሽም ሳቀች። ስትስቅ ድምፅ እንዳላት ተናኜ ያን ዕለት ነው ያወቀችው። ከዚያ በኋላ ፀሐይነሽ ሌላ ሰው ሆነች። ፀጉሯን መሠራት ጀመረች፤ አንድ ቀን ስትሰፋ ስታንጎራጉር ተሰማች። ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ አርባ ትመስል የነበረችው ልጅ ሃያ አራት ሆነች።

ነገሩ ሽማግሌ ላይ ሲደርስ የብዙአየሁ እናት ወይዘሮ ዘርፌ ተነሡ። ወይዘሮ ዘርፌ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ክርስትናቸውን አጥብቀው የያዙ፣ የልጃቸው ነገር የሚያንገበግባቸው ባልቴት ናቸው። «ዘር ከልጓም ይስባል። ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ፀሐይነሽን ጠየቋት። «የምቆጥረው ቤት የለኝም። ቅጥሩ ውስጥ ነው የኖርኩት» ከማለት በቀር ሌላ አልወጣትም።

ወይዘሮ ዘርፌ ቅጥር የሚለውን ሲሰሙ ደነገጡ። የሟቹ ባላቸው የሆርዶፋ እህት፣ አሰጋሽ የምትባል፣ በልጅነቷ እዚያ ገብታ የቀረች ነበረች። ሞተች ተብሎ ተዝካሯ ሁሉ ወጥቶላታል። «ይቺ ልጅ የአሰጋሽ ልጅ ብትሆንስ? ልጄ የአክስቱን ልጅ አግብቶ የእግዜርን ቁጣ ቤቴ ሊያስገባ ነው? ወይ እስከ ጥምቀት ይጣራ፣ ወይ ይቅር» ብለው ቆረጡ።

ፀሐይነሽ ይህን ስትሰማ አልተከራከረችም። መልሳ ፀጉሯን ሸፈነች። ተናኜን ያ ነገር አንጀቷን በላው። «እኔ አጣራላታለሁ» አለች በልቧ። ለፀሐይነሽ ልንገራት አላለችም፤ ብትነግራት ትከለክላታለቻ። ደግሞም ደም እንደሌለባቸው አጣርታ፣ የምሥራቹን ይዛ ድንገት ልታስደስታት ፈለገች።

ብቻዋን አልሄደችም። ለወይዘሮ ዘርፌ የሚታመን ምስክር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሟቹ የሆርዶፋ ወንድም አቶ ጃራ አብረዋት ሄዱ። አቶ ጃራ የአባታቸው ማሳ ከተማ ሲሆን እያዩ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ወርደው የታጨደውን የጤፍ ማሳ እያቋረጡ በእግር ገቡ። አውሮፕላን አናታቸው ላይ እያጓራ ሲያልፍ ሽማግሌው ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፣ ሲያልፍ ይቀጥላሉ።

«አሰጋሽ ታላቄ ናት» አሏት። «በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችኝ። አባታችን ታሞ አባ ዘርአጽዮን ጸሎት አድርገው ዳነ፤ በዚያ ሰጣቸው። ሁለት ጊዜ መጥቼ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ጠርቻታለሁ። የከፈተልኝ የለም።»

«ልጅ ወልዳለች ሲባል ሰምተዋል?»

«እሱን ነው የምፈራው፣ ኢንታላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ካለች ደስ ይለኛል። የዚህች ልጅ እናት ሆና ከተገኘች ግን ምን ልሁን?»

ቅጥሩ ጋ ሲደርሱ በሩ ክፍት ነበር፤ የሚዘጋው ጠፍቶ። ቁልቋሉ ግማሹ ደርቋል። የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ወንዶቹ ድርሻችንን እንውሰድ ብለው በየገበሬ ማኅበሩ ተበትነዋል፤ ወጣቶቹን ዘመኑ የወሰደበት ወስዷቸዋል። አባ ዘርአጽዮን ራሳቸው በዚያው ሰሞን «ልጾም ነው» ብለው ወደ በረሃ እንደ ወጡ አልተመለሱም። የቀሩት መሄጃ የሌላቸው አራት አምስት አሮጊቶች ናቸው። አንዷ የተዘጋ ጎጆ ደጃፍ በመጥረጊያ እየጠረገች ነበር። አንዲት ገለባ የለችበትም፤ እሷ ግን ትጠርጋለች። ተናኜ ያንን አጠራረግ አወቀችው።

አቶ ጃራ ሴትዮዋን ትንሽ ሲያዩ ቆዩና፣ «አሰጋሽ፣ አኒ ጃራ ዳ» አሉ። ጃራ ነኝ ማለት ነው። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸውና በአማርኛ መለሰች፤ በቅጥሩ ውስጥ ሌላ ቋንቋ አይፈቀድም ነበር።

«ጃራ ልጅ ነው» አለች። «አንተ ሽማግሌ ነህ።»

እየቆየች ግን አወቀቻቸው። ጉንጫቸውን ዳበሰችው፤ አለቀሱ። ተናኜ ዞር ብላ ጠበቀቻቸው። ኋላም ቀረበች።

«እትዬ አሰጋሽ፣ ፀሐይነሽ የምትባል ልጅ እዚህ ነበረች፤ ያውቋታል?»

የሴትዮዋ ፊት በራ። «ታናሼን! ደኅና ናት? ትበላለች? ትተኛለች?»

«ደኅና ናት። እትዬ አሰጋሽ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ልጅዎ ናት?»

አሰጋሽ ሳቀች። ጥርስ በሌለው ድዷ እንደ ልጅ ሳቀች። «ልጄ? ምን ነካሽ፣ ጣውንቴ ናት እንጂ! የአባ ታናሽ ሚስት አይደለችም እንዴ?»

ተናኜ የሰማችውን ጆሮዋ አልቀበል አላት። አሰጋሽ ግን የምትናገረው የሚያስደነግጥ ነገር መሆኑን አላወቀችም፤ በቅጥሩ እንደ ተለመደ ነገር ትናገራለች። ፀሐይነሽ የመጣችው አባቷ በስለት ሰጥቷት ነው። ስትመጣ ከጨርቅ የሰፋቻትን አሻንጉሊት ብብቷ ሥር ሸጉጣ ነበር። ሚስቶቹ ወደ አባ ጎጆ የሚገቡት በተራ ነው። «ተራሽ ደርሷል ሲሏት ትንቀጠቀጥ ነበር፣ ምስኪን። ስንት ቀን እኔ በተራዋ ገብቼላታለሁ። ሁልጊዜ ግን አይሆንም፤ አባ ያውቁ ነበር። እሳቸው በረሃ በወጡ ጊዜ 'ሂጂ፣ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ሲመለሱ አስታርቅሻለሁ' ብዬ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ።»

አቶ ጃራ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ተናኜ ያን ጊዜ የምታስበው ሱቁን ነበር፤ ካርዷን ነጥቃ «ጅልነት ነው» ያለችበትን ቀን ሁሉ።

በመልሱ ጉዞ አንድ ኮረብታ ላይ ሲደርሱ ተናኜ ፊታቸው ቆማ እግራቸውን ልትይዝ ጎንበስ አለች። «አቶ ጃራ፣ በሚካኤል ይሁንብዎ። ይሄ ከተሰማ አለቀላት። ወይዘሮ ዘርፌ አይምሯትም።»

ሽማግሌው አነሷት። «የተጠየቅሁት ደም ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ደም የለም እላለሁ። ሌላ የጠየቀኝ የለም። እህቴን ግን እዚያ አልተዋትም፤ ሠርጉ እስኪያልፍ ብቻ እጠብቃለሁ።»

እንዳሉትም አደረጉ። ወይዘሮ ዘርፌ ደም እንደሌለ ሲሰሙ እልል አሉ። ቀለበቱ ከጥምቀት በኋላ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ተባለ። ተናኜ ለፀሐይነሽ ስትነግራት፣ «ተጣርቷል፤ ደም የለባችሁም» ብቻ ነው ያለቻት። ፀሐይነሽ አፍጥጣ አየቻት።

«ማን ሄዶ አጣራ?»

«ሰው ሄዷላ! አንቺ ምን አስጨነቀሽ?»

በማግስቱ ከሥራ ሲወጡ ፀሐይነሽ ክንዷን ያዘቻትና፣ «ተናኜ፣ ለብዙአየሁ የምነግረው ነገር አለኝ። ከቀለበቱ በፊት» አለቻት። ነገሩን ልትናገር አፏን ስትከፍት ተናኜ ቀደመቻት። ነገሩ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ማወቋን ደግሞ እንዳታውቅባት ፈርታለች። «ተይ! ያለፈ አለፈ። ሰው ደስ ሲለው ምን ትቆሰቁሺዋለሽ? ከሠርጉ በኋላ ትነግሪዋለሽ፤ ያኔ የራስሽ ነው» አለቻት። ፀሐይነሽ «እሺ» አለች። ለሰው እሺ ማለት የለመደች ልጅ ናት።

ያልታሰበው የመጣው ከወይዘሮ ዘርፌ ደግነት ነው። አቶ ጃራ እህታቸው በሕይወት እንዳለች መደበቅ አልሆነላቸውም፤ ለወንድማቸው ሚስት ተናግረዋል፣ ሠርጉ ይለፍ ብለውም ለምነዋል። ወይዘሮ ዘርፌ ግን «የሞተች ተገኝታ እንዴት የወንድሟ ልጅ ቀለበት ያልፋታል? ድግሱን በሷ ነው የማደምቀው» ብለው ለማንም ሳይናገሩ ሰውና በቅሎ ላኩ። ገላዋን አጥበው አዲስ ቀሚስ አለበሷት። ቀለበቱ በተናኜ አባት በአቶ ካሳዬ ቤት ነበር፤ ለፀሐይነሽ አባት ሆነው የቆሙላት እሳቸው ናቸው። እንግዳው ተቀምጦ፣ ብዙአየሁ በተዋሰው ኮት ውስጥ ላብ አጥምቆት፣ ፀሐይነሽ ነጭ ለብሳ አጠገቡ ሆና፣ ወይዘሮ ዘርፌ አሰጋሽን በእጃቸው ይዘው ገቡ።

«እዩልኝማ! የብዙአየሁ አክስት ናት!»

አቶ ጃራ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ተናኜ የያዘችው ብርጭቆ ከእጇ ወደቀ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ማለት ያን ዕለት ነው።

አሰጋሽ ቤቱን ሁሉ ስትቃኝ ቆየችና ዓይኗ ሙሽሪት ላይ አረፈ። እጇን አስለቅቃ በሰው መሐል ሮጠች። «ታናሼ! ታናሼ ነጭ ለብሳ! አባ ተመለሱ እንዴ?»

«ትተዋወቃላችሁ?» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ ሳቅ እንዳሉ።

«ጣውንቴን ላላውቃት?» አለች አሰጋሽ። ከዚያ ብዙአየሁን አየችው፣ ቀለበቱን አየችው፣ ግራ ገባት። ክፋት አልነበራትም፤ በቅጥሩ ደንብ ነው የጠየቀችው። «አባ ሳይሞቱ ባል ታገባለች እንዴ?»

ፀሐይነሽ ልትክድ ትችል ነበር፤ ሴትዮዋ አእምሮ የላትም ቢባል የሚያምን ሞልቷል። አልካደችም። ከመቀመጫዋ ተነሥታ አሰጋሽ እግር ሥር ተንበረከከችና ጉልበቷን ሳመች። «ቤዛዬ» አለቻት።

ወይዘሮ ዘርፌ «ባል ያላት ሴት! የአክስቱን ጣውንት!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ። ብዙአየሁ ግን እናቱን አልሰማም። አጎቱን አየ፤ አቶ ጃራ ራሳቸውን ደፉ። ተናኜን አየ፤ እሷም ዓይኗን ሰበረች። ያን ጊዜ ገባው።

«ታውቁ ነበር» አለ። «ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

ፀሐይነሽን ቀና ብሎ አላያትም፤ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አኖረና ወጣ። አቶ ካሳዬ ተከትለውት እስከ ዋናው መንገድ ሄዱ፤ ብቻቸውን ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ከቦሌ ሚካኤል ለቆ ወደ ሳሪስ ገባ ተባለ።

ፀሐይነሽ ሰኞ ሥራ ገባች። የማኅበሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል፤ ዝም አላት እንጂ ክፉ የተናገራት የለም። ተናኜ ግን ሦስት ቀን አጠገቧ ተቀምጣ አንድም ኮሌታ አልሰፋችም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል እሷ ናት፤ የጣለችው ደግሞ የራሷን አይደለም፣ የሰው ነው። በአራተኛው ቀን ሴቶቹ ለምሳ ሲወጡ ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እኔ ነኝ የሄድኩት» አለች ተናኜ እያለቀሰች። «ቅጥሩ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ። ላተርፍሽ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። አሰጋሽ ነግራኛለች።»

«ምነው ታዲያ አትሰድቢኝም?»

ፀሐይነሽ የያዘችውን ካኪ አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ።

«ወይዘሮ ዘርፌ ጠየቁኝ፣ ለልጃቸው ፈርተው። ሽማግሌዎቹ ጠየቁኝ፣ ለደንቡ» አለች። «አንቺ አምስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሽ አንድ ቀን አልጠየቅሽኝም። አራብሳን አልፈሽ ገደል አፋፍ ድረስ ሄደሽ ሌላ ሰው ጠየቅሽ። እኔ እኮ እነግርሽ ነበር ተናኜ። ምሳ ስንበላ ያን ዕለት ጀምሬልሽ አልነበር? አንድ ሰው 'እንዴት ነበር?' ቢለኝ ብዬ ነው የጀመርኩት። ላንቺ መናገር ብለምድ ኖሮ ለሱም መናገር አያቅተኝም ነበር።»

ተናኜ እንባዋን በካኪው ጠረገች።

«አሁን ልጠይቅሽ?»

«አሁንማ» አለች ፀሐይነሽ፣ መኪናዋን እያስነሣች፣ «ከሰው ሰምተሻል።»